እኔ ምንም አላልኩም

እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት የወጣሁ ሴት ነኝ። እንደዚያም ሆኖ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ከተጻፈ አራት መቶ ዓመት ያለፈው የቲያትር መጽሐፍ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አስተምሬያለሁ። መጽሐፉን አላነበብኩትም፤ ፊደሉንም አልለየውም። ግን በውስጡ ያለውን ክፉ ሰው ከአስተማሪው አሳምሬ አስረድቻለሁ። ለምን እንደዚያ እንደቀናኝ የገባኝ ካስረዳሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ከሳቃችሁብኝም ሳቁ፣ እኔም ስቄ ጨርሻለሁ።

ነገሩ የሆነው ካርቱም ገና ሰላም ሳለች ነው። ባሕሪ በሚባለው ሰፈሯ አንድ ክፍል ተከራይቼ ከልጄ ከፌቨን ጋር እኖር ነበር። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል። ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የአንዲት ሐጃ ቤት አጸዳለሁ፣ አበስላለሁ። ጠንቃቃ ሴት ነበርኩ። የጋዙን ሲሊንደር ሦስት ጊዜ ሳልነካ ከቤት አልወጣም። የመኖሪያ ወረቀቴን በላስቲክ፣ ላስቲኩን በጨርቅ፣ ጨርቁን በሌላ ላስቲክ ጠቅልዬ ስለምይዘው ፖሊስ ሲያስቆመኝ እስክፈታው ድረስ ይሰለቸውና «ኸላስ፣ በቃ ሂጂ» ይለኛል።

ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው ግን ለአፌ ነው። ሰው አላማም፣ ውሸት አልናገርም። በዚህ በጣም እኮራ ነበር። «እኔ ምንም አላልኩም» የምትለዋን ያህል ደጋግሜ የተናገርኩት ቃል ያለ አይመስለኝም። ምንም የማይል ሰው ይህን ያህል ጊዜ ምንም አላልኩም የሚለው ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ደሳለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት ስምንት ዓመቱ ነበር፤ አዝዬ አላሳደግሁትም እንጂ እጁን ይዤ አሳድጌዋለሁ። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ያመጣሁትም እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ ባሕሪ ካሉት ጋራዦች በአንዱ በያጅ ነበር፤ ክፍሉ ከክፍሌ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ እራቱን በየቀኑ እኔ ጋ ይበላል። ሲያስል እሰማዋለሁ። ሳያስል ሲቀር ደግሞ ምን ሆኖ ነው እላለሁ።

ደሳለኝ ከትርንጎ ጋር ቀለበት አሰረ። ትርንጎ እኔ ከምሠራበት ቤት አራት በር አልፎ ባለ ቤት ውስጥ ተቀጥራ የምትኖር ልጅ ናት፤ ዓርብ ከሰዓት ስትወጣ ሶባ ወዳለችው አክስቷ ትሄዳለች። ሽማግሌ ሆነው የሄዱት ጋሽ ሞላ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ካርቱም ልብስ የሰፉ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ሰው። ልጅቷ ምን ይወጣላታል፤ ታታሪ ናት፣ ጨዋ ናት። አንድ ጥፋት ብቻ ነበረባት። ከሠርጉ በኋላ ሶባ፣ አክስቷ ሰፈር እንኖራለን አለች፣ ኪራዩ ይረክሳል ብላ። ሶባ ከባሕሪ ሁለት ሃፍላ ነው፣ አውቶቡሱን እዚያ ሃፍላ ነው የምንለው። እኔ ይህን ስሰማ «እግዚአብሔር ያክብራችሁ» አልኩና ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ።

አሁን ስለ ሽታ ማወቅ አለባችሁ። በሱዳን ያገቡ ሴቶች ኹምራ የሚሉት ቅባት አላቸው። ሰንደል፣ ቅርንፉድና ልዩ ልዩ ዘይት ተደባልቆ ለቀናት ታፍኖ የሚቀመጥ ነው። ያላገባች ልጅ አትቀባውም፤ ነውር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ካርቱም የለም፣ በያጅም ቢሆን ያውቃል።

አንድ ዓርብ ትርንጎ ወደ ሶባ ከመሄዷ በፊት ሰላም ልትለኝ ጎራ አለች። ገና ስትገባ ቤቱ በዚያ ሽታ ተሞላ። እሷው ራሷ አፍራ ሳቀች።

«ይቅርታ እታለም፣ እንደ ሙሽራ ሸተትኩ አይደል» አለችኝ። «የእመቤቴ ልጅ ልታገባ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ኹምራውን የምወቅጠውና የማሸው እኔ ነኝ። በሳሙና ባጥበው፣ በሎሚ ባሸው አልለቅ አለኝ። ወንድሟ እንኳ ለሠርጉ ከውጭ መጥቶ ገና በር ላይ አፍንጫውን ያዘ።»

አብረን ሳቅን። እኔም በብዙ ሠርግ ቤት ሠርቻለሁ፣ እንደዚያ ሸትቼ ገብቼ አውቃለሁ። ሎሚውን በጨው አድርጊው ብዬ መከርኳት። ሄደች።

ደሳለኝ ከሰፈር ሲመለስ ሽታው ገና አልወጣም ነበር። በሩ ላይ እንደቆመ አሸተተ።

«ማን መጥቶ ነበር?»

«ትርንጎ ናት። ሰላም ልትለኝ።»

«ይሄ የሷ ሽታ ነው?»

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው «አዎ፣ የእመቤቷ ልጅ ልታገባ ነው» ይላል። አምስት ቃል ነው። እኔ ግን ድስቱን አማሰልኩ።

«ተወው» አልኩት።

«ምኑን ነው የምተወው?»

«ምንም። እኔ ምንም አላልኩም።»

«እታለም፣ ንገሪኝ እንጂ።»

«ምን እነግርሃለሁ። የዚህ አገር ሰው ያገባች ሴት ናት የምትቀባው ይላል፣ እኔ ምን አውቄ። ሥራ ላይ ነክቷት ይሆናል።»

«ይሆናል» የምትለዋን ትንሽ ጎተት አድርጌያታለሁ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። የጠላሁት አልመሰለኝም።

«እጠይቃታለሁ» አለ።

«ተው፣ አትጠይቃት። ልጅቷ ታፍራለች። ለክብሯ ስትል ዝም በል። ደግሞ ሰው ሲጠየቅ ነው መዋሸት የሚለምደው።»

ይቺን የመጨረሻዋን ከየት እንዳመጣኋት እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግስቱ ምስር እየለቀምኩ ሌላ ጨመርኩለት። «ትርንጎ የምትሠራበት ቤት ትልቁ ልጅ ከውጭ መጥቷል አሉ» አልኩት። እውነት ነው፣ መጥቷል። እህቱን ሊድር መምጣቱን ግን ምስሩ ላይ አተኩሬ ረሳሁት። ደሳለኝ እራቱን ግማሽ ላይ ተወው። እኔ ደግሞ ሆዱን አሞት ነው ብዬ ዝንጅብል አፈላሁለት። መርዙንም መድኃኒቱንም ከአንድ ወጥ ቤት ነበር የማወጣው።

ሐሙስ መጣ። ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ፌቨን አልጋ ላይ መጽሐፏን ዘርግታ ተቀምጣለች። ፌቨን ካርቱም ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ትንሽ ይሰናከላል፤ የጎደላትን በዐረብኛ ትሞላዋለች።

«ማማ፣ እኔ ትምህርት ልተው ነው» አለችኝ።

ቀስ ብላ ስታስረዳኝ ጽሑፍ ጻፉ ተብላ ከብዷት ነው። አንድ ጥንት የሞተ እንግሊዛዊ የጻፈው ቲያትር አለ። ጥቁር የጦር አለቃ ነው፣ በሰው አገር የሚኖር፣ ጀግና። ሚስቱን በጣም ይወዳል። ከሥሩ ያለ አንድ ሰው ጠምዶ ይይዘውና በወሬ ይሠራበታል። መጨረሻ ላይ አለቃው ንጹሕ ሚስቱን ይገድላል። አስተማሪው ክብር፣ ፍቅርና ተንኮል በዚህ ቲያትር እንዴት እንደተገለጹ ተንትኑ ብሏቸዋል።

«ያልገባኝ፣ ያኒ፣ ሰውየው ብልህ ነው። እንዴት ያምናል? ያ ነማም እኮ ማስረጃ የለውም። አንድ መሐረብ ነው ያለው።»

ነማም በዐረብኛ ነገር አመላላሽ ማለት ነው። እኔ የሐጃን ሩዝ ይዤ መጥቼ እየለቀምኩ ነበር።

«መጀመሪያ ምን አለው?» አልኳት።

«መጀመሪያማ ምንም አላለውም። አንድ ነገር አይቶ ደስ አላለኝም ብቻ አለ። ሲጠይቀው ምንም አይደለም አለው።»

«እሱ ነው» አልኩ።

«ምኑ ነው እሱ?»

«ምንም አይደለም ማለቱ ነዋ። ሰው ተወው ያሉትን ነገር አይተውም። ንገረኝ ብሎ የለመነውን ወሬ ደግሞ እንደ ራሱ ንብረት ነው የሚይዘው። ጻፊ።»

ፌቨን ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እርሳሷን አነሳች።

«ሁለተኛ» አልኩ፤ ማን ይቻለኝ፣ «ውሸት አይነግረውም። ውሸት ይያዛል። እውነቱን ነው የሚነግረው፣ ግን ቆርጦ፣ ግማሹን። ግማሹን ሰውየው ራሱ ይሞላዋል። ራሱ የሞላውን ደግሞ ከማንም በላይ ያምነዋል።»

«ሦስተኛስ?»

«ሦስተኛ፣ ሚስትህን አትጠይቃት ይለዋል። ዋናው ይሄ ነው። ከጠየቃትማ በአንድ ቃል ያልቃል።»

«እሺ ክብርስ የት ገባ?»

«በክብሩ ነዋ የሚመጣበት። ለክብርህ ነው፣ ለክብሯ ነው ይለዋል። በክብሩ ከመጡበት ሰው ማመዛዘን አይችልም።»

«ፍቅርስ?»

«ባይወዳት ምን ገዶት? ነገር ሠሪውንም ይወደዋል፣ ያምነዋል። ካላመነው ጆሮ አይሰጠውም።»

«አስተማሪያችን ሦስቱን ለያይታችሁ ጻፉ ብሎናል።»

«አስተማሪሽ ወሬ አያውቅም። ሦስቱ አንድ ገመድ ናቸው።»

ልጄ እንዲህ ዓይኗ በርቶ አይታኝ አታውቅም። ሦስት ገጽ ሞላች። እኔ ሩዙን ትቼ እንደ ሊቀ ሊቃውንት እግሬን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። መጨረሻ ላይ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ።

«ግን ለምን አደረገው? አስተማሪያችን የሰውየው ምክንያት በደንብ አይታወቅም አለን።»

«ፈርቶ ነዋ።»

«ምን ፈርቶ?»

«እንዳይቀር። ሁለቱ ተያይዘው ሲሄዱ እሱ ብቻውን እንዳይቀር።»

ይህን ስናገር ምንም አልተሰማኝም፤ የሰው ኃጢአት ስለነበር ቀለል ብሎኝ ነው የተናገርኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

በሩ ተንኳኳ። ደሳለኝ ነው። ጀምበር ገና አልጠለቀችም። ገብቶ ሳይቀመጥ ቆመ።

«እታለም፣ ነገ ከጋሽ ሞላ ጋር ሶባ እንሄዳለን። ነገሩ ይቅር።»

«የቱ ነገር?» አልኩ፣ አሳምሬ እያወቅሁ።

«ጋብቻው። ስም ሳይጠፋ በጊዜ ይቅር። ምክንያቱን አልናገርም፣ ለክብሯ ስል።»

«ጠየቅሃት? ምን አለችህ?»

«አትጠይቃት ብለሽኝ የለ» አለኝ።

የፌቨን እርሳስ ቆመ። ዓይኗ ደብተሯ ላይ ነው። ቁጥር ሦስት ብላ የጻፈችው ላይ መሆኑን ከተቀመጥኩበት አየሁት። ደሳለኝ እራት አልፈልግም ብሎ ወጣ። በግድግዳው በኩል አልጋው ሲንቋቋ ሰማን።

«ማማ» አለች ፌቨን ድምጿን ቀንሳ፣ «ትርንጎ ምን አድርጋ ነው?»

ነገርኳት። ሽታውን፣ ሠርጉን፣ ምስሩን። ሁሉንም ተናግሬ ስጨርስ «ግን አንዲት ውሸት አልተናገርኩም» አልኳት።

«እሱም አልተናገረም አልሽኝ እኮ» አለችና ደብተሯን ዘጋች።

መጀመሪያ የተናደድኩት በመጽሐፉ ነው፣ እውነቴን ነው። አራት መቶ ዓመት ሙሉ ሌላ ቤት አጥቶ ነው ወይ እኔ ክፍል የመጣው አልኩ። ከዚያ በአስተማሪው ተናደድኩ። ከዚያ በትርንጎ፣ በደንብ ብትታጠብ ምን ነበረ ብዬ። የምናደድበት ሰው ሲያልቅብኝ እኔ ብቻ ቀረሁ። በአንድ ግድግዳ ማዶ ወንድሜ አለ። ግድግዳውን ብመታው ይሰማል። አልመታሁትም። ጠዋት እነግረዋለሁ አልኩ።

ጠዋት ክፍሉ ተቆልፏል። ቀድሞ ወጥቷል። ስልኩ ላይ ብደውል ዝግ ነው። ጋሽ ሞላ ደግሞ ስልክ ያላቸው ለጌጥ ነው፣ አያነሱም።

«ሥራውን ተዪና አሁኑኑ ሂጂ» አለችኝ ፌቨን።

«ዓርብ ነው፤ የሐጃ ልጆች ሁሉ ለቁርስ ይሰበሰባሉ። ትርንጎም ሶባ የምትደርሰው ከቀትር በኋላ ነው፣ እደርሳለሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሐጃን ወንድሜ ቸግሮታል ብላት ትለቀኝ ነበር። ልቤ ትንሽ መዘግየት ፈልጎ ነው። ብዘገይ ነገሩ በራሱ ያልቅ ነበር፣ እኔም «ልደርስ እየሮጥኩ ነበር» እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ አለቅስ ነበር። ፉሉንና ጥብሱን አቀረብኩ፣ ሳህኑን አጠብኩ። ሳህን እያጠብኩ ትርንጎ ከአራት በር ማዶ እንደኔ ሳህን እያጠበች እንደሆነ ታሰበኝ። ምን እንደሚጠብቃት አታውቅም። ቀለበቷን ሳሙና እንዳይነካው አውልቃ መስኮቱ ላይ አስቀምጣው ይሆናል። የሐጃ ሳህን ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ሐጃ ፊቴን አይታ «አሞሻል፣ ሂጂ» አለችኝ። በሩጫ እነትርንጎ በር ደረስኩ፤ ዘበኛው አሁን ወጣች አለኝ።

አንዱን ሃፍላ ይዤ ድልድዩን ተሻገርኩ፣ ሁለተኛውን ተሳፈርኩ። ሶባ መንገድ ግማሽ ላይ ስንደርስ ሾፌሩ መስጊድ አጠገብ አቆመ። የጁምዓ ጸሎት ነው። ወንዶቹ ሁሉ ወረዱ። በዚያ ፀሐይ በቆመው ሃፍላ ውስጥ እኔና አንዲት አሮጊት ሱዳናዊት ብቻ ቀረን። በጠፍር እንደታሰርኩ ተቁነጠነጥኩ። ሴትዮዋ ምን ሆንሽ አለችኝ። በተሰባበረ ዐረብኛዬ ነገርኳት፤ ራሴን ግን አላነሳሁም። አንዲት ጎረቤት አለችኝ አልኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ ወንድሟን ከእጮኛው ልታለያይ ነው፣ ላስታርቅ እየሄድኩ ነው።

ሴትዮዋ በእጅ ማራገቢያዋ እያራገበች አዳመጠችኝ።

«ጎረቤትሽ እዚያ ትገኛለች?» አለችኝ።

«ኢንሻላህ» አልኩ።

«ከተገኘች ንገሪያት። ከመግባቷ በፊት ላቧን ትጥረግ። ላብ ሰውን እንደ ሌባ ያስመስላል።»

መሐረቧን አውጥታ ሰጠችኝ። ጠረግሁ።

የአክስቷ ቤት ስደርስ በሩ ክፍት ነበር። ትርንጎ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አክስቷ እትዬ ዘውዴ ግድግዳው ሥር ናት። ጋሽ ሞላ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ደሳለኝ መሬት መሬት ያያል። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«እታለም፣ ምን ሆንሽ?» አለ ወንድሜ።

እትዬ ዘውዴ አፍ አፌን አለችኝ። «ጥሩ መጣሽ። ወንድምሽ ይቅርብኝ አለ። ምክንያቱን አልናገርም ይላል፤ ለክብሯ ነው ይላል። ልጄ ምን አድርጋ ነው ክብሯ የሚጠበቀው? አንቺ ታውቂ እንደሆን ንገሪን።»

እንግዲህ እዚህ ድረስ የመጣሁት ይህን ልናገር ነው። አፌን ስከፍት ግን የወጣው የለመድኩት ነው።

«እንግዲህ፣ ሰው ሲባል ይሳሳታል» አልኩ።

«ማን ነው የተሳሳተው?» አሉ ጋሽ ሞላ።

«አንዳንዴ ነገር ይመስላል፣ ግን ላይሆን ይችላል። ትርንጎም ምናልባት፣ ማለቴ፣ እኔ ምንም አላልኩም።»

«ምናልባት ምን?» አለች ትርንጎ።

ደሳለኝ ምስክር ሆኜ የመጣሁ መስሎት «ተዪው እታለም፣ አትድከሚ» አለኝ። ልጅቷ እጇን ወደ ጭኗ ሰበሰበች። ላድናት ብዬ የመጣሁላትን ልጅ የባሰ አረከስኳት። የተማርኩት ሙያ አንድ ብቻ ስለነበር እሱኑ ነው እዚያም የሠራሁት።

ቁልቁል አየሁ። የአሮጊቷ መሐረብ ሳላውቀው በእጄ ቀርቷል። በመጨረሻ ሳፈርጠው እንዲህ አልኩ፣ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ትርንጎ ያን ሽታ የተቀባችው አይደለም። የእመቤቷ ልጅ ሠርግ ነው፣ ኹምራውን የምትሠራው እሷ ናት። ያን ዓርብ እቤቴ ተቀምጣ ነግራኛለች። የቤቱ ልጅም የመጣው እህቱን ሊድር ነው። ሁሉንም አውቅ ነበር። ለደሳለኝ ግማሹን ነው የነገርኩት። እሷን አትጠይቅ ያልኩትም ብትጠየቅ ነገሩ ስለሚያልቅ ነው። ሶባ እንዳይሄድብኝ ብዬ ነው።»

እትዬ ዘውዴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር። ትርንጎ ግን ወደ እኔ አልዞረችም። ያየችው ደሳለኝን ነው።

«እሳቸው እህትህ ናቸው። አንተን ላለማጣት ነው» አለችው። «አንተስ? ሳምንቱን ሙሉ ሽታዬን ተሸክመህ ስትዞር አንድ ቀን፣ ትርንጎ ይሄ ምንድን ነው ማለት አቃተህ?»

«አትጠይቃት ስላለችኝ ነው» አለ ደሳለኝ።

«እሳቸውን ነው እንዴ የምታገባው?»

ጋሽ ሞላ ሳል ያዛቸው። ሳል አልነበረም፣ ግን እንደ ሳል ጨረሱት።

ትርንጎ ቀለበቱን ከጣቷ አውጥታ ለጋሽ ሞላ ሰጠቻቸው። «እርስዎ ጋ ይቀመጥ» አለች። «አሁንም የሚፈልገኝ ከሆነ ሽማግሌ ይላክ፣ ከመጀመሪያው ይጀምር።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። «ሽማግሌዋም እርስዎ ይሁኑ እታለም። ያፈረሰ አፍ ይለምን።»

«ሴት ሽማግሌ የት ታይቷል?» አለ ደሳለኝ።

«እዚህ ይታያል» አለች እትዬ ዘውዴ።

ደሳለኝ በመልሱ ሃፍላ ከኋላ ሄዶ ተቀመጠ፤ አላናገረኝም። ሳምንት ሙሉ እራቱን ውጭ በላ። ፌቨን ጽሑፏን አስረክባ ጥሩ ነጥብ አመጣች። አስተማሪው ይህን ከየት አገኘሽው ሲላት «እናቴ እንዲህ ያለ ሰው በቅርብ ታውቃለች» ብላው መጣች።

በሚቀጥለው ዓርብ ከጋሽ ሞላ ጋር ሶባ ሄድኩ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ። እትዬ ዘውዴም ተቀመጡ አላለችም። ወገቤን ይዤ ቆምኩ። ጋሽ ሞላ «በይ ተናገሪ» አሉኝ። «እንግዲህ ፈቃዳችሁ ከሆነ፣ ምናልባት» ብዬ ስጀምር ትርንጎ «እናስብበታለን» ብላ ተነሳች። ሁለት ሃፍላ ሄጄ በአንድ ምናልባት ተመለስኩ።

በሁለተኛው ዓርብ ምናልባትን ተውኳት፤ ግን «ለሁላችንም ክብር ሲባል» አልኩ። እሱም አልሆነም። ጋሽ ሞላ በመንገድ «አንቺ ልጅ፣ የምትፈልጊውን በአንድ ትንፋሽ መናገር እንዲህ ከባድ ነው?» አሉኝ። ከባድ ነው። የፈለግሁትን በቀጥታ ተናግሬ አላውቅም። ቀጥታ የተናገረ ሰው እንቢ ሊባል ይችላል፤ እኔ እንቢ የማልባልበትን መንገድ ነበር ዕድሜዬን ሙሉ የቀየስኩት።

በሦስተኛው ዓርብ እግሬ አብጦ ነበር። ቆምኩ። ደሳለኝም አብሮን መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። እንዲህ አልኩ።

«ትርንጎ፣ በደልኩሽ። ወንድሜ ይወድሻል። እንድታገቢው እፈልጋለሁ። ሶባ ብትኖሩ ይከፋኛል፣ ግን ኑሩ።»

ትርንጎ እንደ መሳቅ አለች። እትዬ ዘውዴን አየቻት። እትዬ ዘውዴ ወንበሩን በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ተቀመጪ» አለችኝ። ተቀመጥኩ፣ ከዚያም ሕዝብ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደሳለኝ ገብቶ ትርንጎ አጠገብ ቆመና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ሽታው አሁንም አለ?» ብሎ ጠየቃት። «አሁን የለም፣ ሠርጉ አልፏል» አለችው። በቃ፣ ይህችው ነበረች።

ይህን የምታነቡ እናቶች፣ እህቶች፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ከውሸታም ተጠንቀቂ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ከጠንቃቃ ሰው ተጠንቀቂ ያለኝ አልነበረም። ውሸታም ቢያንስ የተናገረውን ነው የሚያስተባብለው፤ እንደኔ ያለው ደግሞ አልተናገረም። እኔ ሰውን በፍቅር የያዝኩት መስሎኝ በፍርሃት ነበር የያዝኩት፤ ክብር ያልኩትም የራሴን ኩርፊያ የሸፈንኩበት ነጠላ ነው። ያን ቲያትር የጻፈው ሰው እኔን አያውቀኝም፣ ግን የሚሠራውን ያውቃል። ወንድሜን እንደዚያ አለቃ ገዳይ አላደረግሁትም። ያላደረግሁት ግን ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም፤ ትርንጎ ዝም የማትል ሰው ስለሆነች ነው።

ዳንኩ አልላችሁም። አሁንም ነገሩ ወደ ምላሴ ይመጣል። ጥይቱ ሲጀመር ከካርቱም ወጥተን አሁን ሁላችንም ገዳሪፍ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያለነው፤ እኔ፣ ፌቨን፣ ደሳለኝ፣ ትርንጎና ሕፃኗ። እንግዲህ የምፈልገውን አገኘሁ ማለት ነው፣ ግን እኔ በፈለግሁት መንገድ አይደለም። ማታ ማታ ስንጫወት የጎረቤት ነገር ይነሳና እኔ «ተዪው ብቻ፣ እኔ ምንም» ብዬ እጀምራለሁ። ትርንጎ ልጇን እያጠባች ቀና ሳትል «ይጨርሱት እታለም» ትለኛለች።

እጨርሰዋለሁ። ብዙ ጊዜ ሲጨረስ ምንም አይደለም።